ጎሽ፣ ዘንባባ ወይስ ጉንዳን?

ሚሊሜትር የሚለውን ስም ያወጡለት ተማሪዎቹ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሂሳብ ሲያስተምር ሰሌዳ ላይ ያለ ማስመሪያ አንዲት መስመር አስምሮ አያውቅም። ጡረታ ከወጣ በኋላም በደረት ኪሱ የሚይዘው እስክሪብቶ ሳይሆን የሚጠቀለል ሜትር ነበር። ፊት ለፊት «መምህር» ይሉታል፤ ዞር ሲል ሚሊሜትር ነው። ሚስቱ ደግሞ አዋላጅ ናት። የሰፈሩን ግማሽ በእጇ ተቀብላ ወደዚህ ዓለም ያስገባች፣ ትንሽ ትልቁ «ሲስተር» የሚላት፣ አጭር፣ ፈጣን፣ ነገር ማንዛዛት የማትወድ ሴት።

ከቤታቸው ጀርባ መሬት አላቸው። ላይኛው በኩል ሎሚና ፓፓያ፣ መሀሉ ላይ ሽንኩርትና ጎመን፣ ታች አጥሩን ተጠግቶ የአራት ላሞች በረት። ይህን ሁሉ በእጅ ጋሪና በአካፋ ሲገፉት ከርመው፣ አንድ ቀን መሬቱን ለማረስ ትልቅ ትራክተር ተከራዩ። ትራክተሩ ሲገባ የአጥሩን ምሰሶ ጣለ፣ ሲዞር የውሃውን ቧንቧ ሰበረ፣ ሲወጣ ደግሞ ሁለት የሎሚ ዛፎች ከነሥራቸው ይዞ ሄደ። ሹፌሩ ዞር ብሎ እንኳ አላየም። እንዲያውም በደስታ እጁን አውለበለበ።

ሲስተር የሚፈነጥቀውን ቧንቧ በአውራ ጣቷ ደፍና፣ ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ረጥባ፣ «በቃ፤ የራሳችንን ትንሽ ትራክተር እንገዛለን» አለች።

«ጥሩ» አለ ሚሊሜትር። «ግን አንድ ሳምንት ስጪኝ። ማርካዎቹን አጥንቼ የሚሆነንን ልምረጥ።»

አንድ ሳምንት ሰጠችው። ሦስት ወር ሆነው።

የሳሎኑ ግድግዳ በወረቀት ተሸፈነ። አሥራ አራት ማርካዎች ወደ ታች፣ ሃያ ሰባት ዓምዶች ወደ ጎን። ክብደት፣ ጉልበት፣ የነዳጅ ፍጆታ፣ የጎማ ስፋት፣ የመሪው ክብ ዙሪያ፣ አልፎ ተርፎም «የመቀመጫው ልስላሴ ከአሥር» የሚል ዓምድ ነበረው። አንዱን ማርካ በቀይ ሰርዞ ሲጨርስ ስለሌላው አንድ ነገር ያነብና የተሰረዘውን ይመልሰዋል። እንግዳ ሲመጣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ያስቀምጠዋል። አንዲት ነፍሰ ጡር ጎረቤት ሲስተርን ልታማክር መጥታ ሲስተርን ስላጣቻት ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ሃይድሮሊክ ተምራ ሄደች። በኋላ ሲስተርን መንገድ ላይ ስታገኛት፣ «ልጄ ደህና ነው፤ የኋላ መንጠቆው ግን አሳስቦኛል» አለቻት።

ያን ቀን የሲስተር ትዕግሥት አለቀ። «በሁለት ሳምንት ውስጥ ትወስናለህ» አለችው። «ካልሆነ ዓይኔን ጨፍኜ ጣቴ ያረፈበትን እገዛለሁ።»

ሚሊሜትር እሷ ያለችውን እንደምታደርግ ያውቃል። ቀዩን እስክሪብቶ አንስቶ፣ የሚወደውን ሁሉ እንደሚቀብር ሰው እየተከዘ፣ አሥራ አንዱን ሰረዘ። ሦስት ቀሩ። ጎሽ የሚባለው ቀይ ትራክተር፣ ዘንባባ የሚባለው አረንጓዴ፣ ጉንዳን የሚባለው ሰማያዊ።

በማግስቱ ቱርቦ ለምሳ መጣ። ቱርቦ የሲስተር ታናሽ ወንድም ነው። ሃያ ሰባት ዓመት የጭነት መኪና የነዳ፣ ድምፁ ከክላክስ የማይተናነስ፣ ሆዱ ከመሪ ጋር ተጎራብቶ የኖረ ሰው። የትራክተሩን ጉዳይ ሰምቶ ስለነበር ገና በሩን ሲያልፍ፣ «ጎሽ!» ብሎ ጮኸ።

የሚሊሜትር እናት ሶፋው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሁሉም እማማ ይሏቸዋል። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ጆሯቸው ደስ ያለውን ብቻ መርጦ ይሰማል።

«ምን ሠራሁ ብለህ ነው ራስህን የምታሞግሰው?» አሉት።

«ራሴን አይደለም እማማ፤ ትራክተሩን ነው። ስሙ ጎሽ ነው።»

«ሥራ ሳይጀምር ጎሽ ተባለ?»

«ስሙ ነው እኮ እማማ! ሃምሳ የፈረስ ጉልበት አለው፤ ሃምሳ!»

እማማ ደንግጠው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሃምሳ ፈረስ የት ልታሳድሩ ነው? አራት ላም አቅቷችሁ በረቱ ይሸታል!»

«ፈረስ የለም እማዬ» አለ ሚሊሜትር። «መለኪያ ነው። አንድ የፈረስ ጉልበት ማለት…»

«ምሳችንን እንብላ» አለች ሲስተር።

በልተው ሳይጨርሱ ግን ጠብ ተነሣ። ሚሊሜትር ልቡ ወደ ዘንባባ እንዳዘነበለ ተናገረ፤ ከሃያ ሰባቱ ዓምዶች በአሥራ ስድስቱ አንደኛ ነበርና። ቱርቦ ማንኪያውን ጣለ። «ጋሼ፣ ዘንባባ የአበባ መሸጫ ስም እንጂ የትራክተር ስም ነው እንዴ? ሰው መንገድ ላይ ሲያይህ ምን ይልሃል?»

«እሺ ጉንዳንስ?» አለች ሲስተር።

«እታለም፣ እባክሽ በምግብ ላይ እንዲህ አይወራም።»

ሲስተር ሁለቱንም ጎትታ፣ እማማም አልቀርም ብለው፣ አራቱ ከሰዓት በኋላ ወደ መሸጫው ሄዱ።

ሦስቱ ትራክተሮች ግቢው ውስጥ ጎን ለጎን ቆመዋል። ጎሽ ደረቱን ነፍቶ፣ ዘንባባ ተወልውሎ፣ ጉንዳን ደግሞ ከሁለቱ አጠገብ የተረሳ ታናሽ ወንድም መስሎ። ሻጯ ረጋ ያለች፣ በእጇ መዝገብ የያዘች ወጣት ነበረች። ሚሊሜትር ጥያቄ ሊጀምር አፉን ሲከፍት ቀደመችው።

«የትኛው ይሻላል ከማለታችን በፊት እኔ ልጠይቃችሁ» አለች። «አብዛኛው ሥራችሁ ምንድን ነው?»

«ማረስ!» አለ ቱርቦ።

«ሣር ማጨድ» አለ ሚሊሜትር።

«እኔን እህቴ ዘንድ ማድረስ» አሉ እማማ።

ሻጯ አንዱንም አልጻፈችም። «እሺ። ትራክተሩ የሚያልፍበት በጣም ጠባቡ ቦታ ስንት ነው?»

«አንድ ሜትር ከሃምሳ ዘጠኝ ነጥብ አራት!» አለ ሚሊሜትር፤ በሦስት ወር ውስጥ እንደዚያን ቅጽበት ተደስቶ አያውቅም። «በበረቱና በውሃው ታንከር መካከል ያለው መተላለፊያ ነው።»

«ጥሩ። ሲበላሽ የሚጠግንላችሁ ማን ነው? መለዋወጫስ አቅራቢያችሁ ይገኛል?»

ይህን ማንም አላሰበበትም። ሃያ ሰባት ዓምድ ውስጥ መካኒክ የሚል ዓምድ አልነበረም። ሚሊሜትር ጆሮው ቀላ።

ሻጯ አራተኛውን ጥያቄ መጠየቅ ጀምራ ነበር። «የሚነዳውስ…» ስትል ቱርቦ ጎሽ ላይ ወጥቶ ክላክሱን ነፋው፤ የሚቀጥለው ቃል እዚያው ቀረ። ክላክሱ ሲያበቃ ቱርቦ ሳቀ። ሳቁ ሲያበቃ ሊወርድ ፈለገ። ሊወርድ ሲል ሆዱ ከመሪው ሥር ገብቶ ያዘው።

«ና ውረድ» አለች ሲስተር።

«እመጣለሁ። ትንሽ ልቀመጥበት።»

አሥር ደቂቃ ተቀመጠበት። ከዚያ ወዲያ ምስጢሩ ወጣ። ሻጯ ከሥር ሆና የመቀመጫውን ማንሻ ስትፈልግ፣ ሚሊሜትር በሆዱና በመሪው መካከል ያለውን ርቀት ሊለካ ሜትሩን አውጥቶ «ዜሮ» አለ። ሲስተር በስተመጨረሻ እንደ ሙያዋ ገባችበት። ከኋላው ቆማ በሁለት ብብቱ ያዘችውና፣ «ትንፋሽህን አስወጣ… አሁን! ግፋ!» አለች። ሦስተኛው ላይ ወጣ። ግቢው ውስጥ የነበሩ ሌሎች ገዢዎች አጨበጨቡ።

ሻጯ ፈገግታዋን በመዝገቧ ሸፍና ስትሸኛቸው፣ «አንድ ሳምንት የምትሠሩትን ሁሉ ጻፉት» አለቻቸው። «ከዚያ ትራክተሩን እናንተ ሳትሆኑ ሥራው ይመርጠዋል።»

የጻፈችው ሲስተር ናት። ከክሊኒክ ባመጣችው የክትባት ካርድ ጀርባ ላይ፣ ከሰኞ እስከ እሑድ፣ አንድ ሥራ በተሠራ ቁጥር አንድ ጭረት ጫረች። እሑድ ከሰዓት ሁሉንም ሰብስባ አነበበችላቸው።

«በሳምንቱ ሠላሳ ሥራ ሠርተናል። ማረስ፣ ሦስት። ሣር ማጨድ፣ አራት። እማማን እህታቸው ዘንድ ማድረስ፣ ሁለት። የቀረው ሃያ አንዱ ምን መሰላችሁ? ከዚህ አንስቶ እዚያ ማድረስ ነው። ፍግ፣ ድርቆሽ፣ ውሃ፣ ሎሚ፣ ድንጋይ። እኛ የሚያስፈልገን የሚያርስ አይደለም፤ የሚሸከም ነው። ተጎታች ጋሪ የሚስብና በጠባብ ቦታ የሚያልፍ።»

ሚሊሜትር ካርዱን ተቀብሎ ለረጅም ጊዜ አየው። ሦስት ወር ግድግዳ ሙሉ ወረቀት ጽፎ ያላገኘውን ሚስቱ በመዳፍ በምታህል ካርድ ማግኘቷ ጎረበጠው፤ ደስም አለው። ወዲያው ተነሣ። «እንዲያ ከሆነ ጎሽ ወጥቷል። ከጎማ ጫፍ እስከ ጎማ ጫፍ አንድ ሜትር ከሰባ ነው፤ መተላለፊያው ደግሞ አንድ ከሃምሳ ዘጠኝ ነጥብ አራት።»

«ይገባል» አለ ቱርቦ።

«እንዴት ነው የሚገባው? ከአሥር ሳንቲሜትር በላይ ይጠበዋል እኮ!»

«እሱ ሾፌሩ ላይ ነው ጋሼ። እኔ በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ የማይገባበት የተባለ ስንት ቦታ አስገብቻለሁ መሰለህ።»

«ሂሳብ ነው!»

«ሾፌርነት ነው!»

ሲስተር በሩን ከፈተች። «እንግዲያው አሳዩን» አለች።

ሚሊሜትር ሌላ ግፊት አላስፈለገውም። ሰኞ ጧት የቀርከሃ ዘንጎችና ገመድ ይዞ ጓሮ ገባ። እኩለ ቀን ሳይሞላ ልክ የጎሽን ቁመትና ስፋት የያዘ ክፈፍ አስሮ ጨረሰ። የትራክተር አጥንት ነው በሉት። ከኋላው፣ ትራክተር ቢገለበጥ ሹፌሩን የሚያድነውን የብረት ቅስት ከድሮ የውሃ ጎማ ሠራለት። ቱርቦ ከፊት ገብቶ ክፈፉን በትከሻው ተሸከመ፤ እሱ ሞተሩ ነው። ሚሊሜትር ከኋላ ገብቶ የድስት ክዳን ያዘ፤ እሱ ሹፌሩ ነው። እማማ መጥተው አዩና፣ «እኔስ?» አሉ። ተጎታቹ እሳቸው እንዲሆኑ ተስማሙ። የጋቢያቸውን ጫፍ ከክፈፉ ጋር አስረው ከዘራቸውን ይዘው ከኋላ ቆሙ።

«አስነሣ» አለ ሚሊሜትር።

ቱርቦ አስነሣ። ጉሮሮው ውስጥ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ አንኳኳ፣ አሳለ፣ ከዚያ ድ-ድ-ድ-ድ እያለ ጓሮውን አናወጠው። ላሞቹ ማመንዠክ አቆሙ። የጎረቤቱ አጥር ላይ አንድ ጭንቅላት ብቅ አለ። ቀጥሎ ሁለተኛ፣ ቀጥሎ አምስት።

ሽንኩርቱን በሰላም አለፉት። ሎሚውንም አለፉት። መተላለፊያው ጋ ሲደርሱ ሚሊሜትር፣ «አይገባም፤ ቁም!» አለ። ሞተሩ ግን አልሰማም፤ ወይም አልሰማሁም አለ። ማርሽ ቀየረ። ከቀኝ የበረቱ ግድግዳ፣ ከግራ የውሃው ታንከር፣ ከመሀል ቱርቦ። ቀርከሃው ሲጢጥ ሲል ተሰማ።

«ወደ ኋላ!» አለ ሚሊሜትር።

«ጎሽ ወደ ኋላ አይልም!»

«ኋላ ማርሽ የለውም እንዴ? ካታሎጉ ስምንት ይላል!»

ቱርቦ በዚህ ተናደደና በሙሉ ኃይሉ ወደ ኋላ ሄደ። ሲስተር ነገሩ ስለገባት ዘልላ እማማን ፈታቻቸው፤ ተጎታቹ ተረፈ። ሹፌሩም የድስት ክዳኑን ጥሎ በጎን ሾለከ። ሞተሩ ብቻውን ክፈፉን እንደተሸከመ የዶሮውን ቤት ገጨ፣ ዞረ፣ ሚዛኑን ሳተና ፍግ ማጠራቀሚያው ጉድጓድ ውስጥ በጀርባው ገባ። ሰባት ዶሮዎች በላዩ አለፉ።

ከዚያ ከጉድጓዱ ውስጥ፣ «ጎሽ ግን ተገልብጦ አያውቅም!» የሚል ድምፅ መጣ።

አጥሩ ላይ የነበሩት ሰዎች በሳቅ ወደቁ። ከመካከላቸው አንዱ ግን አልሳቀም። አጥሩን ዘልሎ ገባ። የሰፈሩ መካኒክ ነው፤ ከቅጥነቱም ከሙያውም የተነሣ ብሎን ይሉታል። በቁም ነገር መጥቶ ቱርቦን ከጉድጓዱ አወጣው፣ ዞሮ ዞሮ አየው፣ ግንባሩን በጣቱ ነካ አድርጎ፣ «ዘይት ያፈሳል» አለ።

«ላብ ነው!» አለ ቱርቦ።

«መጀመሪያ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት።»

ሲስተር አጋጣሚውን አላሳለፈችም። «ብሎን፣ ከሦስቱ የትኛው ቢበላሽ ትጠግነዋለህ?»

ብሎን እጁን በሱሪው ጠረገ። «ሲስተር፣ ዘንባባንና ጉንዳንን ዓይኔን ጨፍኜ እፈታቸዋለሁ። መለዋወጫቸውም ገበያው ዳር አለ። ጎሽ ጥሩ ማሽን ነው፤ አልዋሽም። ግን በዚህ አካባቢ ሌላ የያዘው ሰው የለም፣ ፊልትሮ ቢያስፈልግ አንድ ወር ከግማሽ ነው የምንጠብቀው።»

ቱርቦ ከፀጉሩ ላይ ገለባ መልቀም ጀመረ። ጎሽ በዚህ ወጣ።

ሚሊሜትር ክፈፉን ጠበብ አድርጎ እንደገና አሰረው። አሁን ዘንባባ ሆነ፤ አንድ ሜትር ከአርባ አምስት። ቱርቦ ቢያኮርፍም ሞተርነቱን ለሰው አልሰጠም፤ «የዘንባባ ድምፅ ቀጭን ነው» ብሎ በአፍንጫው ነዳው። መተላለፊያውን ሲያልፉት ከሁለቱም በኩል ከሰባት ሳንቲሜትር የበለጠ ቀረ። ሚሊሜትር በደስታ የድስት ክዳኑን በአንድ እጁ ማዞር ጀመረ። ከበረቱ ጀርባ ያለው የልብስ ማድረቂያ ገመድ ግን በማንም ዓምድ ውስጥ አልተጻፈም ነበር። ከኋላ የቆመው ቅስት ገመዱን ያዘውና ይዞት ሄደ። የሲስተር አራት ነጭ ጋዎኖች፣ ሁለት አንሶላ፣ የእማማ ቀሚስና አንድ ያላገባ ካልሲ ከኋላ እየተከተሉ ሽንኩርቱ መሀል ገቡ።

«ሙሽራ መጣ!» አለ አንዱ ከአጥሩ ላይ። የቀሩት እልልታውን አቀለጡት።

«ገመዱ ይነሣል» አለ ሚሊሜትር ከአንሶላው ሥር።

«ገመዱ ይነሣ» አለች ሲስተር፤ «የሎሚው ቅርንጫፍስ? ከገመዱ ዝቅ ይላል።» እውነቷን ነበር። ብሎን የጉንዳን ቅስት ከወገቡ ላይ ወደ ኋላ እንደሚታጠፍና ቅርንጫፍ ሥር ሲገቡ ዝቅ እንደሚደረግ ነገራቸው። የዘንባባው ግን አንድ ወጥ ነው፤ አይታጠፍም።

ጉንዳን ቀረ። ክፈፉ አንድ ሜትር ከአሥራ አምስት ሆኖ፣ ርዝመቱም አጥሮ ሲታሰር ቱርቦ መግባት አቃተው። ቢችልም አይገባም ነበር። «እኔ ጉንዳን አልሆንም» ብሎ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። ብሎን ሞተሩን ተረከበ። ምንም ድምፅ አላሰማም። «አዲስ ነው፤ አይሰማም» አለ።

ጉንዳን በመተላለፊያው አለፈ፣ በሎሚው ሥር አጎንብሶ አለፈ፣ በሁለት የሽንኩርት መደብ መካከል ዞሮ ተመለሰ። እማማ በተጎታችነት እስከ መጨረሻው አብረው ዞሩ፤ ምንም ነገር አልፈረሰም። አጥሩ ላይ ያሉት ሰዎች ትንሽ ከፋቸው።

ሚሊሜትር የድስት ክዳኑን ዝቅ አድርጎ፣ «እንግዲህ ጉንዳን ነው» አለ። «ግን እግሬ። በዚህ ክፈፍ ልክ ብቀመጥ ጉልበቴ አገጬን ይነካል። ረጅም ሰው እንዴት ይነዳዋል? ወደ ዘንባባ እንመለስና ዛፎቹን ብንቆርጥ…»

በዚህ ጊዜ እማማ ጋቢያቸውን እየፈቱ አንድ ነገር ጠየቁ። «ልጄ፣ አንተ መንዳት የት ነው የተማርከው?»

ሚሊሜትር የድስት ክዳኑን ከጀርባው ደበቀ።

ሁሉም አዩት። በእርግጥም መኪና ነድቶ አያውቅም። ሞተር ብስክሌት ነድቶ አያውቅም። ብስክሌት አንድ ጊዜ ሞክሮ የትምህርት ቤቱን ባንዲራ መስቀያ አቅፎ ነበር ያቆመው። ሦስት ወር ሙሉ የመሪ ክብ ዙሪያ ሲያሰላ የከረመው ሰው ፍሬን በየትኛው እግር እንደሚረገጥ አያውቅም።

«እኔ… ቱርቦ ይነዳል ብዬ…» አለ።

«እኔ ከከተማው ወዲያ ማዶ ነው የምኖረው ጋሼ» አለ ቱርቦ። «ለአንድ ጋሪ ፍግ በየቀኑ ልመጣ ነው?»

ሲስተር ጋዎኖቿን ከሽንኩርቱ እየለቀመች ነበር። ቀና አለች። አሥራ ስምንት ዓመት የክሊኒኩን አምቡላንስ በጭቃ፣ በኮረኮንች፣ ከኋላ ምጥ የያዛት ሴት አስተኝታ የነዳች እሷ ናት። ይህን ቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አንድም ሰው ግን «ትራክተሩን ሲስተር ትነዳዋለች» ብሎ አላሰበም ነበር። እሷም ራሷ አላሰበችም። ያ ነው ያናደዳት፤ ከዚያም ያሳቃት።

«ሜትርህን አምጣ» አለችው ባሏን። «የእኔን እግር ለካ።»

ሚሊሜትር እዚያው ፍጉ መሀል ተንበርክኮ የሚስቱን እግር ከጉልበቷ እስከ ተረከዟ ለካ። ለካና ቀና ብሎ አያት። «ሦስት ወር» አለ ቀስ ብሎ፤ «አንድ ዓምድ ነበር የጎደለኝ።»

«አንድ አይደለም፤ ከመካኒኩ ጋር ሁለት» አለች። ግን እጇን ትከሻው ላይ አኑራ ነበር።

ቅዳሜ መሸጫው ተመለሱ። ሲስተር መጀመሪያ ዘንባባ ላይ ወጣች። ፍሪሲዮኑን ለመርገጥ ከመቀመጫው ጫፍ ላይ መንሸራተት ነበረባት፤ ስትረግጠው ከመሪው በላይ የሚታየው ፀጉሯ ብቻ ሆነ። ወረደች። ጉንዳን ላይ ስትቀመጥ እግሯ ደረሰ፣ እጇ ደረሰ፣ ዓይኗ ከፊት ያለውን መሬት አየ። ሻጯን ተጎታች ጋሪ ጠይቃ፣ ያለ ማንም እገዛ ከትራክተሩ ጋር አያያዘችው። ከዚያ ወደ ኋላ እየነዳች በሁለት ትልልቅ ትራክተሮች መካከል እንደ መሳቢያ አስገባችው። ተጎታችን ወደ ኋላ መንዳት ምን ያህል እንደሚያስቸግር የሚያውቀው ቱርቦ ነው። ኮፍያውን አወለቀ።

«እታለም» አለ፣ «ይህን አሥራ ስምንት ዓመት ደብቀሽኝ?»

«አምቡላንሱ ተጎታች ነበረው። ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ጉንዳን በዚያው ቀን ተገዛ።

ሲስተር አሁን ጧት ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት ፍጉን ታወጣለች፤ ከሰዓት ድርቆሹን ታስገባለች። ድሮ ሁለት ሰዓት የሚፈጀው በሃያ አምስት ደቂቃ ያልቃል። ሚሊሜትር ሃያ ሰባቱን ዓምዶች ከግድግዳው ላይ አንሥቶ የሎሚ ሳጥኖች ውስጥ አነጠፋቸው። ከዚያ አንድ ቀን አፍሮ አፍሮ ሚስቱን መንዳት እንድታስተምረው ለመናት።

አስተማረችው። የመጀመሪያው ሳምንት የሚነዳው በጣም ቀስ ብሎ ስለነበር እማማ በከዘራቸው እየተራመዱ አልፈውት ሄዱ፤ ሲያልፉትም «ፍጠን እንጂ» አሉት። በሁለተኛው ሳምንት ሦስተኛ ማርሽ አስገባ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ እሑድ ጧት፣ ቱርቦ ለጥየቃ መጥቶ መኪናውን መስኮቱን እንደከፈተ ጓሮው አፍ ላይ አቁሞ ሳሎን ገብቶ ሳለ፣ ሚሊሜትር ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን አንድ ሙሉ ጋሪ ፍግ ጭኖ ወጣ። ሲስተር በመስኮት እያየችው ኮራችበት። ወደ ኋላ ነዳ፤ ቀጥ ብሎ ነዳ። የመኪናው አፍንጫ ጋ ሲደርስ ፍሬን ለመያዝ እግሩን ሰነዘረ። እግሩ ፍሬኑን አገኘው፤ ትራክተሩም ቆመ። እጁ ግን ከድንጋጤው የተነሣ አንድ የሚያዝ ነገር ፈልጎ ጋሪውን የሚገለብጠውን ዘንግ ጨበጠ።

ጋሪው በዝግታ፣ በክብር፣ ተነሣ።

ቱርቦ የፍጉን መደርመስ ሰምቶ ሲወጣ መኪናው ካለበት ቦታ የሚታየው ጣራውና አንዱ መስታወት ብቻ ነበር። ሚሊሜትር ከመቀመጫው ላይ ሆኖ፣ «ጭነቱ አንድ ቶን ገደማ ነው፤ ለቀለሙ ጉዳት የለውም» አለው፤ ይህም የሚያጽናናው መስሎት ነው።

ሲስተር ከቤት ስትወጣ ሦስት አካፋ ይዛ ነበር። አንዱን ለወንድሟ፣ አንዱን ለባሏ ሰጠች፤ ሦስተኛውን ራሷ ያዘች። እማማ ወንበር አስወጥተው ጥላ ሥር ተቀምጠው አሠሪ ሆኑ። እስከ ምሳ ሰዓት ቆፍረው መኪናዋን አወጧት፣ ሁለት ጊዜ በሳሙና አጠቧት፣ ወንበሮቿንም ፀሐይ ላይ አሰጡ። ቱርቦ መስኮቶቹን ሁሉ ከፍቶ ወደ ቤቱ ነዳ። ከዚያ በኋላም ለሁለት ወር፣ ዝናብ ቢዘንብም፣ መስኮቶቹን ከፍቶ ነበር የሚነዳው።